ጨረታው ከመውጣቱ በፊት፦ የሕዝብ አገልግሎትን ከቅነሳና ከሽያጭ ለመከላከል ለሠራተኛ ማኅበራት የተዘጋጀ መመሪያ

አንድ ጊዜ አምስት ሆነን ወደ አንድ ቢሮ ሄድን። ወሩ ሰኔ ነው። የባሕር ዳር ዝናብ ጀምሯል፣ ጫማችን ጭቃ ለብሷል። ፊርማ ያሰባሰብንበትን ወረቀት እንዳይበሰብስ በላስቲክ ጠቅልለን ይዘናል። ጥያቄያችን አጭር ነበር፤ ጥበቃውና ጽዳቱ ለኤጀንሲ (ሠራተኛ ቀጥሮ ለሚያቀርብ የግል ድርጅት) አይሰጥ፣ ሰው አይቀነስ። ኃላፊው ጨዋ ሰው ነበሩ። ወንበር ሰጡን፣ ሻይ አዘዙልን። ወረቀቱን አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁና «ልጆች፣ እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?» አሉን። በጀቱ ተዘግቶ ወደ ላይ ከሄደ ሳምንታት አልፈዋል። የጨረታው ሰነድም አልቋል። ሻያችንን ጠጥተን ወጣን።

ይህን መመሪያ የምጽፈው በዚያች ሻይ ምክንያት ነው። በውኃ፣ በመብራት፣ በሐኪም ቤት፣ በትምህርት ቤት፣ በከተማ ጽዳት ወይም በጣና ሐይቅ ጀልባ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ለእናንተ ነው። ማኅበር ካላችሁ ጥሩ። ከሌላችሁም እንዴት እንደሚቋቋም ሁለተኛው እርምጃ ላይ ታገኙታላችሁ።

አንደኛ፦ ወሬውን ወረቀት ላይ አውርዱት

«ሊሸጥ ነው» የሚለው ወሬ ከጠዋቱ ማኪያቶ ጋር ነው የሚመጣው። ማን እንዳለው አይታወቅም። ከሰዓት ላይ «ግማሾቻችን ልንባረር ነው» ይሆናል፣ ማታ ደግሞ የገዢው ስም ሳይቀር ይጠራል። በዚህ ላይ ተመሥርታችሁ ስብሰባ ብትጠሩ በማግስቱ «ውሸት ነው» ተብሎ ይለጠፋል፣ ማኅበሩም አብሮ ይቀላል።

ስለዚህ መጀመሪያ የመጣው ነገር የትኛው እንደሆነ ለዩ። ሁሉም «መሸጥ» አይደለም። አንዱ የበጀት ቅነሳ ነው፤ አገልግሎቱ እንዳለ ሆኖ ነዳጁ፣ መለዋወጫው፣ መድኃኒቱ ይቀንሳል። ሌላው በመዋቅር ስም የሥራ መደብ ማጠፍ ነው፤ ጡረታ የወጣ ሰው ቦታ ሳይሞላ ዓመት ያልፈዋል፣ በመጨረሻ መደቡ ራሱ ይሰረዛል። ሦስተኛው ሥራውን ቆርሶ ለኤጀንሲ ወይም ለኮንትራክተር መስጠት ነው። ጥበቃ፣ ጽዳት፣ ቆጣሪ ንባብ፣ ካፍቴሪያ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚቆረሱት ናቸው። አራተኛው ድርጅቱን ወይም ድርሻውን መሸጥ ነው።

ድርሻ መሸጥና ጠቅልሎ መሸጥም አንድ አይደሉም። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ለሕዝብ ሽያጭ ያቀረበው የድርጅቱን 10 በመቶ ነው፤ 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱ በ300 ብር። ባለቤትነቱ በአብዛኛው የመንግሥት ሆኖ ቀርቷል። ለዚህ የሚቀርበው የሠራተኛ ጥያቄና አንድ የጽዳት ክፍል ለኤጀንሲ ሲሰጥ የሚቀርበው ጥያቄ ፈጽሞ አይገናኙም። የፌዴራል የልማት ድርጅት ከሆናችሁ የሚመለከታችሁ የመንግሥት የልማት ድርጅቶችን ወደ ግል ስለማዛወር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1206/2012 ነው። አዋጁን አንብቡት። ረጅም አይደለም።

ምልክቶቹንም እወቁ። ንብረት የሚቆጥሩና የሚገምቱ እንግዶች ሲመጡ፣ «የአዋጭነት ጥናት» የሚል ቃል በቃለ ጉባኤ ላይ ሲታይ፣ ቋሚ ቅጥር ቆሞ ሁሉም ኮንትራት ሲሆን፣ የተበላሸ ፓምፕ «ለጊዜው ይቆይ» ሲባል። አንዱ ብቻውን ምንም ላይሆን ይችላል። ሦስቱ አንድ ላይ ከታዩ ግን ደብተር የሚገዛበት ሰዓት ነው።

ሁለተኛ፦ በየትኛው ሕግ ሥር እንደሆናችሁ እወቁ

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። እዚህ ላይ የሚሳሳት ማኅበር ብዙ ነው።

የቅጥር ደብዳቤያችሁን አውጡና ተመልከቱ። የትኛውን አዋጅ ይጠቅሳል? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ከጠቀሰ በሩ ክፍት ነው። አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ትችላላችሁ፤ የአባላቱ ቁጥርም ከአሥር ማነስ የለበትም። አሥር የማይሞላ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ሠራተኞች ደግሞ ተሰባስበው ጠቅላላ ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ። መተዳደሪያ ደንብ፣ የመሪዎች ስም፣ አድራሻና ፊርማ ይዛችሁ ለክልሉ ሥራና ሥልጠና ቢሮ ታመለክታላችሁ። ማመልከቻው ከደረሰው ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ምላሽ መስጠት ያለበት እሱ ነው።

ደብዳቤያችሁ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅን ከጠቀሰ ግን ነገሩ ይለያል። በመንግሥት ሐኪም ቤት ያለች ነርስ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት ያለ መምህር፣ የከተማ አስተዳደር ሠራተኛ በ1156 አይሸፈኑም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ሥራቸው የሚፈቅድላቸውና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞችም የመደራጀት መብት እንዳላቸው ይናገራል። ኢትዮጵያም ስለ መደራጀት ነፃነትና ስለ ኅብረት ድርድር የወጡትን ሁለቱን ዋና ዋና ዓለም አቀፍ የሥራ ስምምነቶች ከፈረመች ከ60 ዓመት በላይ ሆኗታል። ወደ መሬት ሲወርድ ግን ለመንግሥት ሠራተኛ በሩ ገርበብ ያለ ነው። የቀረው መንገድ የሙያ ማኅበር ነው፤ የመምህራን ማኅበር እንዳለው ዓይነት። መደራደር የሚባለውን ያህል ጉልበት የለውም። ድምፅ ግን አለው። እናም ከታች ከምዘረዝራቸው እርምጃዎች አብዛኞቹ ለሙያ ማኅበርም ይሠራሉ።

አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ዓይነት ሰው እንደሚኖርም አትርሱ። ነርሷ የመንግሥት ሠራተኛ ናት። የፅዳት ሠራተኛዋ የኤጀንሲ ናት፣ ስለዚህ አሠሪዋ ኤጀንሲው ነው፣ ሕጓም 1156 ነው። ሾፌሩ ኮንትራት ነው። ቅነሳ ሲመጣ እነዚህን ሦስት ሰዎች እርስ በርስ ማጋጨት በጣም ቀላል ነው። «ቋሚዎቹ ናቸው በጀት የሚበሉት» ይባላል ለኮንትራቱ። «ኮንትራቶቹ ናቸው ቦታችሁን የሚወስዱት» ይባላል ለቋሚው። ሦስቱን አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጡና ቡና አፍሉ። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ደንብ የሚወራው።

ማኅበሩ ከተመዘገበ በኋላ ዘርፋችሁን የያዘውን ፌዴሬሽን ፈልጉ። ፌዴሬሽኖቹ የተሰባሰቡት በኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን፣ ብዙዎቻችን ኢሠማኮ በምንለው ሥር ነው። የሕግ ባለሙያ የሚገኘው በዚያ በኩል ነው። ለብቻችሁ ጠበቃ ከመቅጠር ይረክሳል።

ሦስተኛ፦ ቁጠሩ

ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ታደርጋላችሁ ብባል ይህን ነው የምመርጠው።

የሚቀንሰው ሰው ሁልጊዜ ቁጥር ይዞ ነው የሚመጣው። «ይህ መስመር ኪሳራ ነው።» «አንድ ሠራተኛ የሚያስተናግደው ደንበኛ ትንሽ ነው።» እናንተ ደግሞ «ሕዝቡ ይጎዳል» ትላላችሁ። ቁጥር ከስሜት ጋር ሲገጥም ቁጥር ያሸንፋል። ስለዚህ እናንተም ቁጥር ያዙ፤ እሱ ያልቆጠረውን ቁጠሩ።

የሐይቁን ጀልባ ምሳሌ ላድርግላችሁ። እንበልና ነገ አንድ አማካሪ መጥቶ የደቅ መስመር ይታጠፍ አለ። ትኬት ሽያጩን ከነዳጁ ጋር አነጻጽሮ ነው። ስሌቱ ትክክል ሊሆን ይችላል። ግን ደቅ ደሴት ነው። ሰዉ እንደ መሸንቲ ወይም እንደ ዘንዘልማ ሰው ባጃጅ ተሳፍሮ አይመጣም። ጀልባው መንገዱ ነው፣ ገበያው ነው፣ አምቡላንሱም ነው። ይህ የትኬት ሽያጭ ላይ አይታይም።

የሚታየው ወደቡ ላይ ነው። ጠዋት ሂዱና ቁሙ። ጀልባው ገና ሳይጠጋ ሰዉ ከነጓዙ ተነሥቷል። አንዱ ማዳበሪያ ተሸክሟል። አንዷ ሁለት ዶሮ በአንድ እጇ፣ ልጇን በሌላው ይዛለች። ከኋላ አራት ወንዶች ቃሬዛ ይዘው «መንገድ! መንገድ!» ይላሉ። ሰዉ ሳይነገረው ወደ ጎን ይላል። ቃሬዛው መጀመሪያ ይወጣል፣ ትኬት ቆራጩም ያንን ሰው ምንም አይጠይቀው። ይህን የሚያውቀው ትኬት ቆራጩ ብቻ ነው። ትኬት ስላልተቆረጠ አማካሪው አላየውም።

ስለዚህ ትኬት ቆራጩ ደብተር ይያዝ። አንድ ቀን በአንድ መስመር ይበቃል። እንዲህ ዓይነት፦

«ማክሰኞ። ሰው 41። ታማሚ 3፣ አንዷ በቃሬዛ። ተማሪ 6። እህል 12 ኩንታል። ቦታ ሞልቶ የቀረ 9። ሞተሩ ሁለት ሰዓት ዘግይቷል፣ ምክንያቱ ፊልተር።»

ቁጥሮቹ ለማሳያ የጻፍኳቸው ናቸው። የእናንተው የራሳችሁ ይሁን። ሦስት ወር ያህል በዚህ መልኩ ከተያዘ ማንም ባለሥልጣን አንሥቶ የሚያየው ሰነድ ይሆናል። ደግሞ «የቀረ 9» የምትለዋን አትዝለሏት። ኪሳራ የተባለው መስመር ቦታ የሚሞላ ከሆነ ጥያቄው ወዲያው ይገለበጣል።

ውኃ ላይ ከሆናችሁ የምትቆጥሩት ሌላ ነው። ፈረቃው በየሰፈሩ በስንት ቀን እንደሚደርስ፣ ቧንቧ ተሰብሮ ከተነገረ እስኪጠገን ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ውኃ በጠፋ ቀን ሰዉ ጀሪካን በስንት ብር እንደሚገዛ። ይህ የመጨረሻው ቁጥር ጉልበተኛ ነው። ሰው ከመንግሥት ቧንቧና ከግል ጋሪ የሚገዛውን ውኃ በሊትር አስሉት። ወደ ግል ሲዛወር ዋጋው ምን ሊመስል እንደሚችል ነዋሪው ራሱ በራሱ ኪስ ያውቀዋል።

ሐኪም ቤት ከሆናችሁ ካርድ ክፍል ያለውን ወረፋ፣ በአንድ ፈረቃ አንዲት ነርስ የያዘችውን አልጋ፣ «ከውጭ ግዙ» ተብሎ የተጻፈውን መድኃኒት ቁጠሩ። የታማሚ ስም ግን ፈጽሞ እንዳትጽፉ። በዚህ ቀልድ የለም።

ኤጀንሲን በተመለከተ ስሌቷ አጭር ናት። እንበልና መሥሪያ ቤቱ ለአንድ ጥበቃ በወር 8,000 ብር ለኤጀንሲው ይከፍላል። ጥበቃው እጅ ላይ የሚደርሰው 4,500 ነው። ቀሪው 3,500 የት ሄደ? ለጡረታ ተከፍሏል? ለዓመት ፈቃድ? ለደንብ ልብስ? ትክክለኛዎቹን ቁጥሮች ከውሉና ከደመወዝ ወረቀቱ አውጡና አጠገብ ላጠገብ ጻፉ። «ወጪ እንቀንሳለን» የተባለው ነገር ብዙ ጊዜ እዚህች መስመር ላይ ይንገዳገዳል።

አራተኛ፦ በደብዳቤ ጠይቁ

በቃል የተጠየቀ ነገር ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። (ለጣና ሰው እምቦጭ የሚለው ቃል ሌላም ነገር ያስታውሳል። እሱም ቢሆን እጅ ካልገባበት በራሱ አይጠፋም።)

መረጃ የማግኘት መብት በአዋጅ ቁጥር 590/2000 ተደንግጓል። የመንግሥት አካል ለቀረበለት የመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ደብዳቤው አጭርና ደረቅ ይሁን። ምሬት አያስፈልገውም። ለምሳሌ፦

«ጉዳዩ፦ መረጃ እንዲሰጠን ስለመጠየቅ። በመሥሪያ ቤቱ የሚሰጠው የጽዳትና የጥበቃ አገልግሎት ለሦስተኛ ወገን ሊሰጥ እንደታሰበ ተረድተናል። ስለሆነም በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት 1ኛ. የተሠራው የአዋጭነት ጥናት፣ 2ኛ. የጨረታው ሰነድ፣ 3ኛ. የሚነኩ የሥራ መደቦች ዝርዝር፣ 4ኛ. ባለፉት ሦስት ዓመታት ለዚህ አገልግሎት የወጣው በጀት ቅጂ እንዲሰጠን በአክብሮት እንጠይቃለን።»

ከታች ግልባጭ ለሥራ አመራር ቦርዱ፣ ለከተማው ምክር ቤት፣ ለፌዴሬሽናችሁ። ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን መዝገብ ቤት ስትሰጡ ሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርጉ። «ኋላ እናደርገዋለን» ካሏችሁ ቁሙና ጠብቁ። እኔ አንዴ ምሳ ሰዓት እስኪያልፍ ወንበር ላይ ተቀምጬ አስደርጌያለሁ። አፍሬ ነበር፤ ከወራት በኋላ ግን የተጠየቅነው ያችኑ ማኅተም ነው።

መልስ ከሌለ ወይም ከተከለከላችሁ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። ባሕር ዳርም ቅርንጫፍ አለው።

ጊዜውን አስሉ። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። መሥሪያ ቤቶች ግን የቀጣዩን ዓመት ዕቅድና በጀት የሚያዘጋጁት ከወራት በፊት ነው። ከጥምቀት በኋላ ደብዳቤውን አስገቡ። መጋቢት ላይ መልሱን ይዛችሁ ተነጋገሩ። ሰኔ ላይ የሚሄድ ሰው ሻይ ጠጥቶ ነው የሚመለሰው።

አምስተኛ፦ ነዋሪውን ፈልጉ፣ መጀመሪያ ግን ስሙት

አብዛኛው የሠራተኛ ማኅበር የሚወድቀው እዚህ ነው። የምናስበው እንዲህ ነው፤ እኛ የሕዝብ አገልጋይ ነን፣ ሕዝቡ ከጎናችን ይቆማል። ሕዝቡ ግን እኛን እንደዚያ አያየንም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ሰፈር የዕድር ስብሰባ ላይ ተፈቅዶልን ገባን። ሊቀመንበራችን ስለ ሥራ ዋስትና ንግግር ጀመረ። አንዲት እናት እጃቸውን እንኳን ሳያወጡ «እናንተማ ቢል ስታመጡ ነው የማያችሁ» አሉ። ሰዉ ሳቀ። «ደጄ ላይ ቧንቧ ሁለት ወር ሲፈስ ሦስት ጊዜ ደውያለሁ። ይሸጥ! የሚገዛው ቢያንስ ስልክ ያነሣል።»

ሊቀመንበሩ «እትዬ፣ እኛ እኮ መለዋወጫ ሳይገዛልን…» ብሎ መከራከር ጀመረ። ገንዘብ ያዣችን ክንዱን ያዝ አደረገችውና ደብተሯን አወጣች። «እትዬ፣ ቤትዎ የት ጋ ነው?» አለቻቸው። ጻፈች። ሌሎቹንም ጠየቀች፣ ጻፈች። የዚያን ቀን ስለ ሽያጭ ሌላ ቃል አልተነገረም። በአራተኛው ቀን ሁለት ልጆች ቁልፍ ይዘው ሄደው ቧንቧውን ሠሩት። በሚቀጥለው ወር እኚያ እናት ራሳቸው ሰባት ጎረቤት ይዘው መጡ።

ከዚህ የተማርኩት የአካሄድ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ አቤቱታ ተቀበሉ። ቀጥሎ በእጃችሁ ካለው አንዱን አስተካክሉ። ሦስተኛ ለምን ሌላው እንዳልተስተካከለ በቁጥር አስረዱ። «ለዚህ ሰፈር የተመደብን ሁለት ባለሙያ ነን፣ ድሮ አምስት ነበርን» ማለት ከማንኛውም መፈክር ይበልጣል። ስለ ደመወዛችሁ የምታወሩት መጨረሻ ላይ ነው፣ ያውም ከተጠየቃችሁ።

አንድ ደስ የማይል ነገርም አለ። ከመሃላችን «ሻይ» ካልተሰጠው ቆጣሪ የማያስገባ፣ ካርድ የማያወጣ ሰው ካለ ነዋሪው ያውቀዋል። እናንተም ታውቁታላችሁ። እሱን ዝም ብላችሁ «የሕዝብ አገልግሎት ይከበር» ብትሉ ማንም አይሰማችሁም። ማኅበሩ በውስጡ ይምከረው፣ ካልሰማም ሽፋን አይስጠው። ይህን ስል ጓደኞቼ ይቆጡኛል። ይቆጡ።

ከዕድር ሌላ የት ይኬዳል? የወላጅ ኮሚቴ፣ የባጃጅ ሾፌሮች ማኅበር፣ የዓሣ አስጋሪዎች፣ ውኃ ሲጠፋ ሮቶ የሚያስሞሉ ሆቴሎችና ካፌዎች፣ የየክፍለ ከተማው ሴቶች ማኅበር። እያንዳንዱ ጋ የራሱን ጉዳይ ይዛችሁ ሂዱ። ባለ ሆቴሉን ስለ ሕገ መንግሥት አታስተምሩት፤ ታሪፍ ቢጨምር የወር ቢሉ ስንት እንደሚሆን አስሉለት። ለምክር ቤት አባል ግን ሕገ መንግሥቱን ያዙለት። አንቀጽ 41 መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት መመደብ እንዳለበት ይናገራል። «እየጨመረ» ነው የሚለው።

ስድስተኛ፦ «አይሆንም» ብላችሁ አትቁሙ

«አይሸጥ» ብቻ ያለ ማኅበር «ታዲያ ገንዘቡን ከየት እናምጣ?» ሲባል ዝም ይላል። አማራጭ ጻፉ። ሁለት ገጽ ይበቃል። የት የት እንደሚባክን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የሚፈሰው ቧንቧ፣ የማይቆጥረው ቆጣሪ፣ ለአንድ ብሎን አዲስ አበባ ድረስ የሚላከው መኪና፣ ለስብሰባ የሚወጣው አበል። ባካኙን ነገር በብር አስቀምጡት። ከኤጀንሲው ዋጋ ጋር አነጻጽሩት።

የሌላ አገር ልምድም ይረዳል፣ ብዙ ካልተደረተ። ዳሬሰላም ቅርብ ናት። እ.ኤ.አ. በ2003 የከተማው ውኃ አገልግሎት ለአሥር ዓመት ለግል ድርጅት ተሰጠ፤ መንግሥት በ2005 ውሉን አቋረጠው። ዑራጓይ ውስጥ ደግሞ የውኃ ሠራተኞች ማኅበር ከነዋሪዎች ጋር ተባብሮ እ.ኤ.አ. በ2004 ጉዳዩን ለሕዝበ ውሳኔ አቅርቦ ከ60 በመቶ በላይ ድምፅ አገኘ፤ የውኃ አገልግሎት በመንግሥት እጅ እንዲሆን ሕገ መንግሥታቸው ላይ ገባ። ለኃላፊ የዳሬሰላሙ ይበልጥ ይሠራል። «እነሱም ሞክረውት ነበር» ማለት ነው።

እዚሁ ከተማችንም ምሳሌ አለ። የባሕር ዳር የቤት ለቤት ቆሻሻ ማንሳት ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የግል ድርጅት የገባበት ሥራ ነው። ጥሩ ነው መጥፎ ነው ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት ጋሪ የሚገፉትን ሠራተኞች ጠይቁ፣ የሚከፍሉትን ቤቶች ጠይቁ፣ መኪና የማይገባባቸውን መንደሮች ጠይቁ። ለክርክራችሁ ከውጭ ጥናት የበለጠ ይጠቅማል።

ሰባተኛ፦ በኅብረት ስምምነቱ ውስጥ አስገቡት

የኅብረት ስምምነት ማኅበሩና አሠሪው ተደራድረው የሚፈራረሙት ውል ነው። የኅብረት ድርድር የመጠየቅ መብት ካላችሁ ችግሩ እስኪመጣ አትጠብቁ። ጥያቄውን ከነረቂቁ በጽሑፍ ትሰጣላችሁ። አሠሪው በ10 ቀን ውስጥ ለድርድር መቅረብ አለበት። በረቂቁ ውስጥ እነዚህ ይኑሩ፤ ማንኛውም ሥራ ለሦስተኛ ወገን ከመሰጠቱ በፊት ማኅበሩ ቢያንስ ከ90 ቀን በፊት በጽሑፍ ይነገረው፣ ጥናቱን ያግኝ፣ ጉዳዩን በሚያየው ኮሚቴ ውስጥ ወንበር ይኑረው። መደቡ የታጠፈበት ሠራተኛ ሥልጠና አግኝቶ ወደ ሌላ መደብ ይዛወር። የ90 ቀኗ ሕግ ውስጥ የለችም፣ ተደራድራችሁ የምታገኟት ናት።

ሕግ ውስጥ ያለውን ደግሞ እወቁት። ድርጅት ሲቀላቀል፣ ሲከፈል ወይም ባለቤትነቱ ሲተላለፍ የሥራ ውል አይቋረጥም። ስለዚህ «ድርጅቱ ተሸጧል፣ አዲስ ውል ፈርሙ» የሚል ወረቀት ቢመጣላችሁ በዚያው ሰዓት አትፈርሙ። የአገልግሎት ዘመናችሁ የሚጠፋው እንደዚህ ነው። የሠራተኛ ቅነሳም ቢሆን ሥርዓት አለው። አሠሪው ከማኅበሩ ጋር መመካከር አለበት። ችሎታና ውጤታማነት ቅድሚያ ያገኛል። በዚያ እኩል ከሆኑ ግን ማን ቀድሞ እንደሚቀነስ አዋጁ ቅደም ተከተል አስቀምጧል፤ አገልግሎቱ አጭር የሆነው ይቀድማል፤ አካል ጉዳተኞች፣ የሠራተኛ ተወካዮችና ነፍሰ ጡሮች ወደ መጨረሻ ይሄዳሉ።

ስምንተኛ፦ ግፊት፣ ግን ሕጉን ይዞ

የሥራ ማቆም ጉዳይ ሁሌ ይነሣል። በጥንቃቄ አንብቡ። በአዋጅ 1156 መሠረት ውኃ፣ መብራት፣ ሐኪም ቤት፣ ቴሌ፣ የአየር ትራንስፖርት፣ የከተማ ጽዳትና እሳት አደጋ «እጅግ አስፈላጊ የሕዝብ አገልግሎት» ይባላሉ። እዚያ የምትሠሩ ከሆነ ሥራ ማቆም አትችሉም። ቀስ ብሎ መሥራትስ? ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፤ ሆን ብሎ ሥራ ማዘግየትም በሕጉ ትርጉም ሥራ ማቆም ነው። በእነዚህ ድርጅቶች የወል ክርክር (ሠራተኛውን በጋራ የሚነካ ክርክር) በአስማሚ ካልተፈታ ጉዳዩን ወደሚወስነው ጊዜያዊ ቦርድ ይሄዳል።

ከእነዚህ ውጭ ከሆናችሁ ሥራ ማቆም የምትችሉት ሁለት ሦስተኛ የማኅበሩ አባላት በተገኙበት ስብሰባ አብዛኛው ድምፅ ሰጥቶ፣ ለአሠሪውና ለሚመለከተው ቢሮ ከ10 ቀን በፊት ምክንያቱን ጠቅሳችሁ አሳውቃችሁ፣ በስምምነት ለመጨረስም ሞክራችሁ ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ የተገኘው ሰው ቁጥር በትክክል ይጻፍ። ፍርድ ቤት መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

ሥራ ማቆም ያልቻለ ሰው እጁ ታስሯል ማለት አይደለም። በ1966 የካቲት መምህራን ሥራ ያቆሙት በደመወዝ ብቻ አልነበረም፤ «ሴክተር ሪቪው» የተባለውን የትምህርት ዕቅድ ተቃውመው ነበር። ወላጁ ልጁን የሚነካ ነገር መሆኑ ስለገባው አብሯቸው ቆመ። ዕቅዱም ቀረ። ጉልበቱ የመጣው ከወላጁ ነው ባይ ነኝ። በባሕር ዳር ኤፍ ኤም 96.9 ላይ ገብታ «ደጄ ላይ ያለው ቧንቧ» ብላ የምታወራ አንዲት እናት ከአሥር የአቋም መግለጫ ትበልጣለች።

ሰልፍ ለማድረግ አዋጅ ቁጥር 3/1983 ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅን ይጠይቃል። በአሁኑ የጸጥታ ሁኔታ ግን እኔ ሰልፍ አልመክርም። አዳራሽ ይበቃል፤ ያውም በቀን፣ ሰዉ ሳይመሽበት ቤቱ እንዲገባ።

አባላትን ጠብቁ። የማኅበር አባል መሆን፣ በሕጋዊ እንቅስቃሴው መሳተፍ ወይም በአሠሪ ላይ አቤቱታ ማቅረብ ከሥራ ለማሰናበት በቂ ምክንያት እንዳልሆነ አዋጁ በግልጽ ይናገራል። ዛቻ ሲመጣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተባለውን ቃል ጻፉ። ንግግር የምታደርጉትም አንድ ሰው ብቻ አይሁን። ሁሌ አንድ ሰው ከሆነ ዒላማው እሱ ይሆናል።

ቢሸጥስ?

ውሉ ተፈርሞ ከሆነ ውሉ የሚያልቅበትን ቀን ፈልጉና የማኅበሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። የአንድ ወይም የሁለት ዓመት የጥበቃ ውል ሳታውቁት ይታደሳል። ከዕድሳቱ ስድስት ወር በፊት ከላይ ያለውን ሁሉ ከሦስተኛው እርምጃ እንደ አዲስ ጀምሩ። ኤጀንሲው የቀጠራቸውን አባል አድርጉ፤ ቢቻል ድሮ እዚያው ቦታ ላይ የነበረው ሰው ሄዶ ያነጋግራቸው። ውሉ ውስጥ «በቀን ሁለት ጊዜ ይጸዳል» ከተባለና አንዴ ከጸዳ ደብተሩ ላይ ይግባ።

ስለ ደብተሩ አንድ ነገር። ባለ መስመር፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው ይሁን፤ የሚገነጠል አትግዙ። ሐይቅ ዳር ከሆናችሁ በሁለት ላስቲክ ጠቅልሉት። በየሳምንቱ ዓርብ ገጹን በስልክ ፎቶ አንሡና ለሁለት አባላት ላኩ። ትኬት ቆራጩ ፈቃድ ሲወጣ ማን እንደሚጽፍ ደግሞ አስቀድማችሁ ስም ያዙ።